መጀመሪያ መንገዱ፣ ከዚያ ሳይክሉ፦ በሳይክል ሥራ መግባት ለምትጀምሩ የንጽጽር መመሪያ

"ሳይክል ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?" ተብዬ በወር አንዴ ሁለቴ እጠየቃለሁ። ከለቡ ተነስቼ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ በሳይክል መመላለስ ከጀመርኩ አራት ዓመት ስላለፈኝ ባልደረቦቼም ጎረቤቶቼም ስለዚህ ነገር የምታውቅ እያሉ ወደ እኔ ይልካሉ። እኔ ግን ስለ ሳይክሉ ከመናገሬ በፊት መልሼ እጠይቃለሁ። ቤትሽ የት ነው? ሥራሽስ? ከሁለቱ ከፍታ ላይ ያለው የትኛው ነው?

ይህን የምጠይቀው በራሴ ስለደረሰ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ነጠላዋን ያጣፋች እናት ሳትቀር ሳይክል ላይ ነው። እኔም የለመድኩት ከባዱን ባለአንድ ማርሽ የቻይና ሳይክል ነበርና አዲስ አበባ ሥራ ይዤ ስመጣ ያንኑ ፈልጌ ገዛሁ። ከለቡ እስከ መካኒሳ ደህና ነበርኩ። ከመካኒሳ ወደ ሳር ቤት ሲወጣ ግን አብዛኛውን ወርጄ እየገፋሁ ነበር የምሄደው፤ ቢሮ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። በሦስተኛው ሳምንት ሳይክሉ በረንዳ ላይ ቀረ፤ ስምንት ወር ያህል አቧራ ጠጣ። ጉድለት አልነበረበትም። ለባሕር ዳር የሚሆነው ለዚህ መንገድ የማይሆን ሆኖ ነው እንጂ።

ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጀምረው ከሱቁ ሳይሆን ከመንገዱ ነው።

ዳገቱ ጠዋት ነው ወይስ ማታ?

አዲስ አበባ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረደች የምትሄድ ከተማ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አቃቂ ሲደረስ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ሽሮ ሜዳ የሚኖርና ለገሃር የሚሠራ ሰው ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። ሳሪስ፣ ቃሊቲ፣ ለቡ ወይም ጀሞ የሚኖር ደግሞ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይወርዳል። ከቦሌ ወደ መስቀል አደባባይ የሚመላለስ ሰው ከሁለቱም የቀለለ መንገድ አለው፤ እንዲህ ያለ መንገድ ያላችሁ ከዚህ በታች የምለው ግማሹ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ጠዋት የሚወጣ ሰው ዝቅ ያለ ማርሽ፣ ቅያሪ ልብስ እና የ15 ደቂቃ ትርፍ ጊዜ ያስፈልገዋል። ጠዋት የሚወርድ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ፍሬን ነው። የአዲስ አበባ ጠዋት፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ጣት ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ለሚወርድ ሰው ጓንት የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በሌላ በኩል ይህ ሰው የሚያልበው ማታ ቤቱ ሲደርስ ነው፤ ቢሮ ንጹሕ ሆኖ ይገባል።

ምርጫው የእኛ ባይሆንም፣ እኔ የጠዋቱ ዳገት ይሻለኛል። ጠዋት ጉልበት አለ። ስምንት ሰዓት ተሠርቶ ሲወጣ መንገዱ ራሱ ወደ ቤት ሲያወርድ የሚሰጠው ዕረፍት ትልቅ ነው። ማታ ሽቅብ የሚጠብቃችሁ ከሆነ ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ የኤሌክትሪክ ሳይክል ወይም ግማሽ መንገድ በሳይክል፣ ግማሹን በታክሲ የሚለውን ሐሳብ ከሌላው ሰው ቀደም ብላችሁ ማሰብ ይኖርባችኋል።

ዳገቱ ምን ያህል እንደሆነ በዓይን መገመት ያሳስታል፤ በመኪና የለመዱት መንገድ ሁሉ ሜዳ ይመስላል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጋቢና እቀመጥና ሹፌሩ ማርሽ ወደ ሁለተኛ የሚመልስበትን ቦታ ልብ እላለሁ። የቆመ መኪና ወይም ሰው ሳይኖር ወደ ሁለተኛ ከመለሰ እዚያ ዳገት አለ። ሁለት ቀን እንዲህ ብትሄዱ የመንገዳችሁን ካርታ በጭንቅላታችሁ ትይዛላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከዱባይ ወይም ከቤይሩት የተመለሰ ዘመድ "እዚያ ስነዳ እኮ እንዲህ አይደክመኝም ነበር" ቢል እውነቱን ነው። ሰውነቱ እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ ብሎ ይንዳ።

ዋናው አስፋልት፣ ውስጥ ለውስጥ ወይስ የሳይክል መስመር

በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው የተባለው ከመኪና ነፃ ቀን ሲጀመር፣ አንዳንድ ዋና ጎዳናዎች በእሁድ ጠዋት ለመኪና ተዘግተው ልጆች መሃል አስፋልት ላይ ሳይክል ሲነዱ ያየ ሰው ብዙ ነው። ያ ግን በወር አንድ ቀን፣ ለጥቂት ሰዓት ነበር። ለሥራ መንገድ ለውጥ የመጣው በኋላ ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በታደሱት ጎዳናዎች፣ ለምሳሌ ከቦሌ መገናኛና ከፒያሳ አራት ኪሎ ባለው፣ ለሳይክል የተለየ መስመር ተሠርቷል። ከዚያ በፊትም ከለቡ ጀሞ መስመር ነበረ። መንገዳችሁ በእነዚህ የሚያልፍ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ተጠቀሙበት። ነገር ግን መስመሩ መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል፤ እግረኛም ይሄድበታል። እዚያ ላይ ፍጥነት ለመጨመር አትሞክሩ፤ የመስመሩ ጥቅም ከመኪና መራቅ ነው።

ዋናው አስፋልት ፈጣን ነው፤ ለስላሳ ነው፤ መብራት አለው። ትልቁ አደጋው ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ነው። ሹፌሮቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ሥራቸው ድንገት ወደ ቀኝ መታጠፍ ስለሆነ ነው። ውስጥ ያለው ተሳፋሪ "ወራጅ አለ" ሲል ውጪ ያለነው አንሰማም። እኛ የምናየው ረዳቱን ነው። በሩን ከፍቶ ወገቡን ወደ ውጪ ካወጣ ወይም እጁን ካወዛወዘ፣ ሚኒባሱ በጥቂት ሜትር ውስጥ ጥጉን ይይዛል። ያን ጊዜ በቀኙ ሾልኮ ለማለፍ መሞከር ከሁሉም ስህተት የከፋው ነው። ቆሙ፤ ይሳፈሩ፤ ይሂድ። ከቆሙ መኪኖች ጎን ስታልፉም አንድ ሜትር ራቁ፤ በር ሲከፈት የሚይዘው ቦታ ያን ያህል ነው።

ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ኮብልስቶን ነው። ኮብል ያንቀጠቅጣል፤ በጠባብና በደንብ በተነፋ ጎማ ላይ ሃያ ደቂቃ ከተሄደበት አንጓ ያማል። ግን መኪናው እዚያ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሰው ያያችኋል፤ ስትቆሙ የሚገፋችሁ የለም። ችግሩ ጠዋት በማለዳ የሚነሱት ውሾች ናቸው። ውሻ ሲከተል አትሩጡ፤ መሮጥ ይቀሰቅሰዋል። ውረዱና ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መሃል አድርጋችሁ በእግር ሂዱ። እኔ እንዲህ ሳደርግ እስካሁን የነከሰኝ የለም። ሌላው የፍሳሽ ክዳን ነው፤ ክዳኑ የሌለው አለ፣ የብረቱ ክፍተት በመንገዱ አቅጣጫ የተዘረጋም አለ፤ ሁለተኛው ቀጭን ጎማ ይውጣል።

ከሦስቱ ስመርጥ ደንቤ ቀላል ነው፦ አንድ ትልቅ አደባባይ የሚያስቀርልኝ ከሆነ እስከ አሥር ደቂቃ የሚረዝም መንገድ እወስዳለሁ። በሳይክል አደባባይ ውስጥ መግባት ለጀማሪ አይደለም። መግባት ግድ ከሆነ ወርዶ በዜብራ መሻገር አያሳፍርም፤ እኔ ዛሬም ሁለት ቦታ ላይ እንዲያ አደርጋለሁ።

አሁን ወደ ሳይክሉ

ሰው ሳይክል ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው ክብደቱን ነው፤ ሱቅ ውስጥ ብድግ ያደርግና "ይሄ ይቀላል" ይላል። ክብደት ይጠቅማል፤ ግን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። 70 ኪሎ የምትመዝን ሴት 20 ኪሎ ሳይክል ላይ ስትወጣ በድምሩ 90 ኪሎ ነው ዳገት የምትገፋው፤ ሳይክሉ 14 ኪሎ ቢሆን 84 ይሆናል። ልዩነቱ ከመቶ ሰባት እንኳ አይሞላም። ማርሽ የሚያመጣው ልዩነት ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

በጣታችሁ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። ከባዱ ባለአንድ ማርሽ ሳይክል ፊት ለፊት 48፣ ከኋላ 20 ያህል ጥርስ አለው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ ሁለት ጊዜ ተኩል ገደማ ይዞራል፤ ሳይክሉ ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ይህ ደስ ይላል። ዳገት ላይ ግን በአንድ ፔዳል ያን ሁሉ ርቀት ሽቅብ መግፋት ነው፤ ጉልበት የሚያልቀው ለዚህ ነው። ባለማርሹ ማውንቴን ሳይክል ፊቱን ትንሹ፣ ኋላውን ትልቁ ጥርስ ላይ ስታደርጉት ሁለቱ እኩል ወይም ፊተኛው ያነሰ ይሆናል፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 2 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው የምትሄዱት። ቀስ ትላላችሁ፣ ግን ሳትወርዱ ትወጣላችሁ። ሱቅ ስትገቡ ቀለሙንና ስንት ማርሽ እንዳለው ከመጠየቅ ይልቅ ጎንበስ ብላችሁ ከፊት ያለውን ትንሹን ጥርስ ከኋላ ካለው ትልቁ ጋር አስተያዩ። የኋላው የሚበልጥ ከሆነ ለአዲስ አበባ ይሆናል።

ስለዚህ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላላችሁ አንባቢዎች ምክሬ ሌላ ነው፦ ባለአንድ ማርሹን ግዙ። የሚበላሽ ነገር የለውም፤ ፓራፋንጎና የኋላ ዕቃ መጫኛ ብዙ ጊዜ አብሮት ይመጣል፤ ሠንሰለቱ የሚሸፈን ስለሆነ ቀሚስና ሱሪ አያበላሽም፤ የትኛውም ሰፈር ጠጋኝ ያውቀዋል። ማርሽ ለማትጠቀሙበት መንገድ ማርሽ መንከባከብ ብክነት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ፊቱ ላይ ብቻ ስፕሪንግ ያለው ወይም ጨርሶ የሌለው ባለማርሽ ሳይክል ነው። የኋላው ስፕሪንግ ያለበት ርካሽ ሳይክል ያምራል፤ ነገር ግን ዳገት ላይ ፔዳል ስትረግጡ ጉልበታችሁ ከፊሉ ስፕሪንጉን በማጫወት ያልቃል፤ ክብደትም ይጨምራል። የጎማው ጥርስ ትልልቅ ከሆነ አስፋልት ላይ እያጉረመረመ ይይዛል፤ ልስልስ ወዳለ፣ ግን ወፈር ያለ ጎማ አስቀይሩት። ለኮብል ወፍራም ጎማ ትንሽ አየሩን ቀነስ አድርጎ መንዳት ለአንጓ ይራራል።

በዲስክ ፍሬንና ቸርኬ በሚይዘው ፍሬን መካከል የምትመርጡ ከሆነ፦ ዲስኩ በዝናብ ይሻላል። የቸርኬው ፍሬን ሲረጥብ መጀመሪያ ውኃውን መጥረግ አለበት፤ አንድ ሁለት ዙር ሳይዝ ያልፋል። ነገር ግን የቸርኬው ፍሬን ላስቲክ በቀላሉ ይገኛል፣ ለመቀየርም አምስት ደቂቃ ነው። ጠዋት የሚወርድ ሰው ዲስክ ይግዛ። ጠዋት ለሚወጣ የትኛውም ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ሳይክል አሁን በከተማችን እየበዛ ነው፤ ማታ ዳገት ለሚጠብቀው ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙዎች "መብራት ይበላል" ብለው ይፈራሉ። ይህ ስሌት ያስገርማል፦ አንድ የተለመደ የሳይክል ባትሪ ሙሉ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚስብ፣ አንድ ሙሉ ቻርጅ ምጣዱ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ሲሠራ የሚበላው ማለት ነው። ሁለት ሦስት እንጀራ። እውነተኛው ወጪ ባትሪው ራሱ ሲያረጅ ነው፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ምትክ ባትሪው አገር ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሻጩ በግልጽ ካልመለሰ ሌላ ጋ ሂዱ። ባትሪው ተነቅሎ የሚወጣ ዓይነት ይሁን፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ሳይክሉን ተሸክማችሁ አትወጡም። ባትሪው ቢያልቅባችሁ ደግሞ ሳይክሉ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሆነ በእግር ጉልበት ዳገት ማውጣት ይከብዳል።

ቀሚስ ለምትለብሱ ሴቶች፦ ወገቡ ዝቅ ያለውን ፍሬም ፈልጉ። እግር ወደ ኋላ ዘርግቶ መውጣት አይጠይቅም፤ መብራት ላይ ሲቆም ቶሎ መውረድም ይቻላል። ወንዶችም ቢገዙት ምንም አይደለም፤ ከባድ ዕቃ ከኋላ ለሚጭን ሰው ከሌላው ይሻላል። ነጠላና ሻርፕ ግን ሁልጊዜ ታስረው ይሁኑ፤ የነጠላ ጫፍ የኋላ ጎማ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

አዲስ ወይስ ያገለገለ

አዲስ ርካሽ ሳይክልና ጥሩ ያገለገለ ሳይክል በአንድ ዋጋ ሲገኙ ሁለተኛውን እወስዳለሁ። ነገር ግን የሚያይ ሰው ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ሳይክሌን ስገዛ ሰፈራችን ያለውን መካኒክ ይዤው ሄድኩ፤ ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት የሚያንስ ልጅ ነው። ሻጩ ሳይክሉን አጥቦ ዘይት ቀብቶ አብርቶት ነበር። ልጁ አንድ ቃል ሳይናገር ተቀመጠና ከኪሱ የግንበኛ ሜትር አወጣ። ሠንሰለቱን፣ እነሱ ካቴና የሚሉትን፣ ወጠር አድርጎ ከአንዱ ፒን መሃል ተነስቶ፣ መነሻውን ሳይቆጥር፣ እስከ ሃያ አራተኛው መሃል ድረስ ለካ። "አየሽ እህቴ፣ አዲስ ሲሆን ሠላሳ ሴንቲ ተኩል ነው። ይሄ ሠላሳ ከዘጠኝ ሚሊ ደርሷል። ካቴናው ብቻ አይደለም ያለቀው፤ የኋላውን ማርሽም በልቶታል" አለኝ። ሻጩ ዝም አለ። ሁለቱን ዕቃ የሚያስቀይር ዋጋ አስቀንሰን ገዛነው።

ይህን መለኪያ ራሳችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ መነሻውን ትታችሁ 24 ፒን ስትቆጥሩ 30.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፤ 30.7 ካለፈ ሠንሰለቱ ይቀየር። ከዚያ ቸርኬውን አንስታችሁ አዙሩ፤ ግራ ቀኝ እየተንገዳገደ ፍሬኑን ከነካ ተጣሟል። የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ፤ ከተንቀሳቀሰ ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ሄዷል። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ፤ መሪው ስር የሚንቋቋ ነገር ካለ እሱም ወጪ ነው። ፍሬሙ ላይ የተቀጠለና አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ ካያችሁ አትግዙ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ሄልሜት ግን ያገለገለ አይገዛም። አንዴ ተመትቶ ውስጡ የተሰነጠቀ ሄልሜት ከውጪ አዲስ ይመስላል።

መቀመጫውንም ወዲያው አስተካክሉ። ጀማሪ ሁሉ እግሩ መሬት ሙሉ በሙሉ እንዲነካ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቴን አመመኝ ይላል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ትንሽ ብቻ እንደታጠፈ የሚቀር ከሆነ ልክ ነው። ስትቆሙ ከመቀመጫው ወደ ፊት ወርዳችሁ ነው መሬት የምትነኩት።

ልብስ፣ ቦርሳ፣ ክረምት

በሥራ ልብስ መንዳት ወይስ ቢሮ መቀየር? መንገዱ ከ4 ኪሎ ሜትር በታችና ሜዳ ከሆነ በሥራ ልብስ ሂዱ፤ ቀስ ብላችሁ ከነዳችሁ አያልባችሁም። የኔ ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋና ጠዋት ሽቅብ የሚል ስለሆነ መቀየር ግድ ነው። ሰኞ በታክሲ ስሄድ የሳምንቱን ልብስ አጥፌ እወስዳለሁ፤ ጫማዬ ቢሮ ነው የሚያድረው። መታጠቢያ የሌለው ቢሮ ላይ ምን ይደረጋል? እኔ ደርሼ ወዲያው አልቀይርም፤ ላቡ መውጣት የሚያቆመው ከወረዱ አሥር ደቂቃ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ውኃ እጠጣለሁ፤ ከዚያ በእርጥብ ፎጣ ተጠርጌ እቀይራለሁ። ቸኩሎ የቀየረ ሰው ቅያሪውንም ያረጥበዋል።

ቦርሳ ጀርባ ላይ ማዘል ቀላሉ ነው፤ ግን ጀርባን ያልባል። ከኋላ መጫን ይሻላል። ላፕቶፕ የምትይዙ ግን ኮብል ላይ ከኋላ መጫኛው ላይ ያለው ዕቃ በጣም እንደሚንቀጠቀጥ አስቡ፤ እኔ በቅያሪ ልብሴ ጠቅልዬ ነው የምይዘው።

ክረምትን ብዙ ሰው ሳይክል የሚያቆምበት ምክንያት ያደርገዋል። በአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው፤ ጠዋት ደረቅ ሆኖ የምሄድባቸው የሐምሌ ቀናት ብዙ ናቸው። ማታ ወደ ቤት እየሄዱ መርጠብ ደግሞ ቢሮ ረጥቦ ከመግባት በጣም ይለያል። ከላይ ከሚወርደው ይልቅ ሰውን የሚያበላሸው ከታች የሚረጨው ጭቃ ስለሆነ፣ ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከዝናብ ልብሱ በፊት ፓራፋንጎ አስገጥሙ። ከዝናብ ልብስ ሰፊው ፖንቾ አየር ያስገባል፣ አያልብም፤ ነፋስ ግን ይይዘዋል፤ ቁልቁለት ላለበት ሰው ጃኬቱ ይሻላል። ውኃ የቆመበት ቦታ ላይ አትግቡ፤ ስሩ ጉድጓድ ይኑር ክዳን አይታወቅም።

መብራት ላይ አልደራደርም። ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ቶሎ በምትጠልቅባቸው ወራት 11 ሰዓት ተኩል ከሥራ የሚወጣ ሰው የመንገዱን መጨረሻ ሲጨልም ነው የሚነዳው። ከኋላ ቀይ፣ ከፊት ነጭ። የሚበቃችሁ ለአንዱ ብቻ ከሆነ የኋላውን።

ቁልፍና ማቆሚያ

ቀጭኑ የሽቦ ቁልፍ በአንድ ፒንሳ ይቆረጣል። የዩ (U) ቅርጽ ያለው የብረት ቁልፍ ወይም ወፍራም ሰንሰለት ከእሱ ይሻላል፤ ከሁለቱ ሰንሰለቱ ምሰሶ ላይም አጥር ላይም ለማሰር ይመቻል፣ ዩው ደግሞ ቀለል ይላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚያይ ሰው መኖሩ ነው።

መጀመሪያ ሳይክሌን ወደ ግቢ ይዤ ስገባ ጥበቃው "ይሄ የመኪና ማቆሚያ ነው የኔ ልጅ፣ ትዕዛዝ የለኝም" አሉኝ። አልተከራከርኩም። በማግስቱ አስተዳደር ክፍል ገብቼ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ መልስ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ውጪ ያለ ሱቅ ጋ እየከፈልኩ አቆምኩ። ፈቃዱ ሲመጣ ቦታውን የመረጡት ራሳቸው ጋሼ ናቸው፦ ደረጃው ስር፣ ከተቀመጡበት ወንበር አራት እርምጃ። አሁን ሦስት ሳይክል ቆሞበታል። እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት የት እንደሚቆም ጠይቁ፤ ከአስተዳደሩ በፊት ግን ለጥበቃው ንገሩ፤ ቀኑን ሙሉ ሳይክላችሁን የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

ጎማ ቢፈነዳ የውስጥ ጎማ መለወጥ እስክትለምዱ ድረስ ጎሚስታ የትም አለ። መለጠፍን ግን ተማሩ፤ የውስጥ ጎማውን፣ ካላማዳሪውን፣ ነፍቶ ውኃ ውስጥ ማስገባትና አረፋው የሚወጣበትን በጣት መያዝ ብቻ ነው የሚከብደው። ትንሽ መንፊያና አንድ ቅያሪ ካላማዳሪ ቦርሳዬ ውስጥ አይጠፉም።

በየቀኑ ወይስ በሳምንት ሁለት ቀን

ሙሉውን መንገድ በሳይክል ከመሄድ ሌላ ምርጫ አለ። ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያ ወይም ታክሲ ተራ በሳይክል፣ ከዚያ ባለው በትራንስፖርት። ይህ ረጅሙን የጠዋት ሰልፍ ባያስቀርም፣ ከሰፈር ወደ ዋናው መንገድ የሚወስደውን የእግር ጉዞና የባጃጅ ሒሳብ ያስቀራል። ከአያት ወይም ከቃሊቲ ወደ መሃል ከተማ ለሚመላለሱ፣ መንገዱ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነባቸው ጀማሪዎች ሙሉውን ከመሞከር ይህን እመርጥላቸዋለሁ። ጣቢያው አጠገብ ጥበቃ ያለው ግቢ ወይም የምታውቁት ሱቅ መኖሩ ግን ቅድመ ሁኔታ ነው።

ሙሉውን ለምትሄዱ፣ የመጀመሪያው ጉዞ በሥራ ቀን አይሁን። እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ሲቀል፣ እስከ መሥሪያ ቤታችሁ በር ድረስ ሄዳችሁ ተመለሱ። ሰዓት ያዙ። ጀማሪ ሜዳ ላይ በሰዓት 12 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፤ እሁድ 40 ደቂቃ ከፈጀባችሁ ለሥራ ቀን 55 አስቡ።

ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ። በየቀኑ ብለው ከጀመሩ አምስት ባልደረቦቼ መካከል ዛሬ የቀረ የለም፤ በሁለት ቀን የጀመሩት ሁለቱ አሉ። ቀኖቹ ማክሰኞና ሐሙስ ይሁኑ እላለሁ። ሰኞ ጠዋት ከተማው ከሌላው ቀን ይበልጥ ይጨናነቃል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ባዶ ሆድ ዳገት መውጣት ያዞራል፤ በዐቢይ ጾምም በረመዳንም እንዲሁ ስለሆነ በእነዚያ ወራት በታክሲ ልትሄዱ ትችላላችሁ። እኔ ሦስተኛውን ቀን የጨመርኩት በአራተኛው ወር ነው፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለምንሠራና መንገዱም ቀለል ስለሚል ቅዳሜን መረጥኩ።